የእድራችን ሰታቴና ሦስቱ ፕሮፎርማ

ከእድር ሹመት ሁሉ የከፋው ንብረት ያዥነት ነው። ዳኛው ስብሰባ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ይከበራል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፤ ይፈራል። ገንዘብ ያዡ የወር መዋጮ ይሰበስባል፤ ይለመናል። ጡሩምባ ነፊው እንኳ በሌሊት ሲነፋ ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጠዋል። ንብረት ያዥ ግን ትዝ የሚላቸው ጭልፋ የጎደለ ቀን ብቻ ነው። ድንኳን ሊተከል ሲል በውድቅት ሌሊት «ጋሼ፣ ቁልፍ!» ይሉኛል። በማግስቱ «ጋሼ፣ ትሪ ጎደለ!» ይሉኛል። ትሪው የትም አልሄደም፤ ከአንዱ አባል አልጋ ሥር ሽንኩርት ተቀምጦበታል። በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በዚህ ጉልበቴ የዕቃ ቤት በር የምከፍተው በነጻ ነው። ደመወዜ ስሞት እንደማንኛውም አባል መቀበር ነው፤ እሱም መዋጮ ካላጓደልኩ።

አሁን ደግሞ ሰታቴው ተሰነጠቀ።

የትኛው ሰታቴ አትበሉኝ። ብረት ድስቱ ብዙ ነው፤ «ሰታቴው» ሲባል ግን አንድ ነው። ለተዝካር ቀይ ወጥ የሚሠራበት፣ ጆሮና ጆሮውን ይዘው አራት ጎረምሶች የሚያነሱት፣ ያ ትልቁ አልሙኒየም። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ሳይጻፍ ሰታቴው ነበር። ስንቱን ለቀስተኛ አብልቷል! ስንት ሽማግሌ ከሱ ወጥ ጎርሶ ነው የተጣላ ያስታረቀ! ያ ሰታቴ ደህና ሆኖ ወጣ፤ ከተዝካር ቤት በባጃጅ ሲመለስ ከጆሮው ምስማር ሥር ተነስቶ ወደ ቂጡ የሚወርድ የአንድ ስንዝር ስንጥቅ ይዞ መጣ። ማን ሰነጠቀው? ማንም። ባጃጅ ላይ የጫነው ልጅ «ስቀበለውም እንዲሁ ነበር» አለ። ያጠቡት ልጃገረዶች «እኛ ውስጡን ነው ያጠብነው፤ ውጪውን አላየንም» አሉ። የተዝካሩ ባለቤት ሐዘን ላይ ስለሆነ አይጠየቅም። እውነቱን የተናገረችው ወጥ ሠሪዋ ብቻ ናት። «እሳቱ ጺጽ እያለ ሲጠፋብኝ ነው ያወቅሁት፤ ከወጡ ግማሹ ለኩበቱ ሆነ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ ምሁር ሆነ። አንዷ «ቡዳ በልቶት ነው፤ ያንን ቀጥቃጭ ሰሞኑን በበሩ ሲያልፍ አይቼዋለሁ» አለች። እምዬ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድበውን የሚያወግዝ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ የኛ ሰፈር አዋጁ እስካሁን አልደረሰውም። ሌላው ደግሞ «የዘንድሮ ዕቃ ምን ዕቃ ነው!» አለ፤ ሰታቴው በዕድሜ ታላቁ ነው።

እኔ ግን ገዳዮቹን አውቃቸዋለሁ። ባዶውን ጉልቻ ላይ ጥደው ሽንኩርት ለመክተፍ የሚቀመጡት አሉ። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በደንብ የነደደ የባሕር ዛፍ ፍም ደግሞ ከዚያ ማለፍ አያቅተውም። ውስጡ ውኃ ካለ ሙቀቱን ይቀበልለታል፤ ባዶውን ከተተወ ግን ቂጡ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል። ይህ አልበቃ ብሎ ትኩሱን አውርደው የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውኃ ይቸልሱበታል። ቷ! ይላል። እነሱ ይሥቃሉ። ጥላሸቱን በእርጥብ አመድ የሚፈትጉትም አሉ፤ አመድ ለሌላው ዕቃ መልካም ነው፣ አልሙኒየምን ግን ይበላዋል። ጨው የበዛበትን ወጥ የሚያሳድሩበትም አሉ፤ ጨው እያደረ በዓይን የማይታይ ጉድጓድ ይቆፍርበታል፤ ስንጥቅ ደግሞ ጉድጓድ ይወዳል። በመጨረሻ ሙሉውን ወጥ በሁለት ጆሮ አንጠልጥለው እያወዛወዙ ይሄዳሉ። ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው በአራት ምስማር ዙሪያ ነው። ብረት አንድ ጊዜ ከባድ ነገር ስለያዘ አይሰነጠቅም፤ ትንሽ ታጥፎ ትንሽ ሲቃና፣ ደግሞ ሲታጠፍ፣ ደግሞ ሲቃና፣ በዓመታት ብዛት ይደክመዋል። የማዝነውም ለዚህ ነው፤ ድካሙ የማይታየው ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት የተቀመጠችው። ውኃ እዚህ መቶ ዲግሪ አይደርስም፤ 91 አካባቢ ሲሆን መፍላት ይጀምራል፤ ከፈላ በኋላ ደግሞ ኩበቱን ብትከምርበት ከዚያ አይግልም። ስለዚህ የደጋ በግ ሥጋ እዚህ እስኪበስል ቆላ ያለው ሰው በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ተመርቆ ቤቱ ገብቷል። ቆላ ያለ ሰታቴ ቶሎ ከእሳት ይወርዳል፤ የኛ ሰታቴ ከጥዋት እስከ ማታ ጉልቻ ላይ ነው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ስለ አንድ ስንዝር ስንጥቅ ከቀትር እስከ ማታ ተወያየን። የወጣት ተወካዩ ተነሣና «ጋሼ፣ ይጣልና አዲስ ይገዛ» አለ፤ የአዲሱን ዋጋ ግን አልጠየቀም፤ የአሁን ልጅ ዋጋ የሚጠይቀው ለስልክ ብቻ ነው። ሌላው በሁለት ቱቦ የሚሸጥ፣ ተቀላቅሎ የሚቀባ ሙጫ አለ አለን፤ «ብረት ከብረት ያጣብቃል ተብሎ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል»። ካርቶኑ ላይ ተዝካር ተጽፏል ወይ? ብዬ ጠየቅሁት። ያ ሙጫ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ይይዝ ይሆናል፤ ጉልቻ ላይ ግን ይቃጠላል፣ ተቃጥሎም ወደ ወጡ ይገባል። ሦስተኛው «በርሳስ ይደፈን» አለ። ይኸኛው ልጅ ሳይሆን የልጅ አባት ነው! ርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከመቅለጡ በፊት ደግሞ ይመርዛል፤ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ይበልጥ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። «ለተዝካር መጥተው ሌላ ተዝካር ይዘው ይሂዱ ወይ?» አልኩት። ቃለ ጉባኤው ላይ «ንብረት ያዡ ተቆጡ» ተብሎ ተጻፈ።

በማግስቱ ጠዋት ቆራሌው በሬ ላይ ቆሟል። ማን እንደነገረው እግዜር ይወቀው። ሚዛኑን ከነማንጠልጠያው ይዞ «አባባ፣ የተሰበረ አልሙኒየም አለ አሉኝ» ይለኛል። ሞት ሲሸት የሚመጣ ጆፌ! ሰታቴያችንን በኪሎ ወስዶ፣ ወደ አዲስ አበባ ልኮ፣ ምናለሽ ተራ የሚደርሰው ደርሶ፣ ከአሮጌ ፒስተንና ከመስኮት ፍሬም ጋር ቀልጦ፣ ተመልሶ «አዲስ ድስት» ተብሎ ሊሸጥልን ነው። ምን ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል? ጥንቃቄ በሌለበት ማቅለጫ ርሳስም አብሮ ይገባል። በር ዘጋሁበት። ከበሩ ውጪ ሆኖ ዋጋ ጨመረ። መቼም ሰው ነኝና ትንሽ አሰብኩበት፤ ግን አልከፈትኩም።

እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። አያቴ ቤት ድስቱ ሸክላ፣ እንስራው ሸክላ፣ ጋኑ ሸክላ ነበር። ሸክላ ሲሰበር ክርክር የለውም፤ ገሉ ፍም መጫሪያ ይሆናል፣ ቀሪው ይጣላል፣ ገበያ ተወጥቶ ሌላ ይገዛል። ኮሚቴ አያስፈልገውም። እንግሊዙ ካፒቴን ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ሊፈራረም ከታጁራ ተነስቶ ያንን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ሲመጣ በግመል ያስጫነው ገጸ በረከት መድፍም ጠመንጃም ነበረበት። የአልሙኒየም ማንኪያ ግን አልነበረበትም። ቢፈልግስ ከየት ያመጣል? ኦርስቴድ የሚባል የዴንማርክ ሊቅ ብረቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው እ.ኤ.አ. በ1825 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከከበሩት ማዕድናት ተርታ ነበር። የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሦስተኛ ለታላላቅ እንግዶቹ የአልሙኒየም ሹካ አቅርቦ የቀረውን እንግዳ በወርቅ ያበላ ነበር ይባላል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1884 የዋሽንግተን ሐውልታቸውን ጫፍ በአልሙኒየም ጨረሱት። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ በኤሌክትሪክ በብዛት የሚመረትበትን መንገድ አገኙና ዋጋው ወደቀ። የሚገርመኝ ሁለቱም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1863፣ የሞቱትም በ1914 ነው። አንድ እድር ቢሆኑ ኖሮ ለሁለቱም ተዝካር በአንድ ዓመት ድንኳን አውጣ ይሉኝ ነበር። እነሱ ባይፈጠሩ ደግሞ ሰታቴያችን ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ዘበኛ ተቀጥሮለት ይቀመጥ ነበር፤ ባጃጅ ላይ አይወረወርም ነበር።

እኛ አገር አልሙኒየም መናቁን ያወቅሁት በ1969 ዓ.ም. በወጣችው አንድ ሳንቲም ነው። ታስታውሷታላችሁ? በአንድ ፊቷ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ። ሙሉ በሙሉ አልሙኒየም ነበረች፤ ከመቅለሏ የተነሳ ልጆቼ በሳሕን ውኃ ላይ ቀስ አድርገው ሲያስተኟት ትንሳፈፋለች። ገበሬው ከነሞፈር ቀንበሩ ውኃ ላይ! ደብረ ብርሃን ያየችው የአልሙኒየም ጀልባ ያ ብቻ ነው። በሬሳ ወንዝ ላይ ጀልባ አይሄድም፤ ክረምት ላይ ሲሞላ ሰው ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ በጋ ላይ ደግሞ ዘሎት ያልፋል።

ጀልባ ማንሣቴ ያለ ነገር አይደለም፤ ሰታቴውን ያዳነው የጀልባ ሰው ነው። እሱ እጅ ከመግባቱ በፊት ግን አበሳውን አየ።

መጀመሪያ የወሰድኩት በርና መስኮት ከሚሠራ አንድ በያጅ ዘንድ ነበር። «ቀላል ነው» አለኝ። ቀላል ነው የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሩጡ። የብረት ኤሌክትሮዱን ሰክቶ ቸከል አደረገው፤ ስንጥቁ የነበረው ቦታ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አልሙኒየም አየር ሲያገኝ ወዲያው ስስ ዝገት ይለብሳል፤ ያ ዝገት ነው ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው። ብረቱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ልብሱ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስለዚህ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ውኃ ይሆናል። የተለመደው ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ሰው ያስጠነቅቃል። አልሙኒየም አይቀላም፤ እንደነጣ ቆይቶ ድንገት ፈሶ ይወድቃል። በያጁ «አባባ፣ ዕቃው ነው ችግር ያለበት» አለና የኤሌክትሮዱን ዋጋ ጠየቀኝ። ለቀዳዳው ማለት ነው! ስንጥቅ ይዤ ሄጄ፣ ቀዳዳ ይዤ፣ ከፍዬ ተመለስኩ።

ወደ ጀልባው ሰው የላከኝ አንድ ሾፌር ነው። ከጋራዦቹ በአንዱ የመኪና ራዲያተርና የሞተር ክዳን የሚበይድ፣ የአርጎን ጋዝ ያለው ልጅ አለ አለኝ። ልጁ ባሕር ዳር ጀልባ ሲጠግን ኖሮ ትዳር ጎትቶት ወደኛ ብርድ የመጣ ነው። ሰታቴውን ገልብጦ አየና መጀመሪያ የተናገረው «ይህን ማን ነካው?» የሚል ነው። ወደድኩት። ሐኪምም ሆነ ጠጋኝ ከሱ በፊት የነካውን ካልሰደበ ሙያውን አያውቅም።

«ጀልባ ከዚህ ይቀላል አባባ» አለኝ።

«ጀልባ ሰው ይጭናል፤ ይኼ ሽሮ ነው የሚይዘው። እንዴት ሆኖ ነው የሚቀለው?»

አስረዳኝ። ለዓሣ ማስገሪያ የሚሠራ የአልሙኒየም ጀልባ ማግኒዚየም የተቀላቀለበት ቆርቆሮ ነው፤ ዝገት ይችላል፣ ለብየዳም ይታዘዛል። ሲሰነጠቅም ዕድሜውን ሁሉ የሚኖረው ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ስለሆነ የቸኮለ ሰው ከውስጥ ልጣፍ አስቀምጦ፣ በሪቬት መትቶ፣ በዳርና ዳሩ ያንን የቱቦ ሙጫ ቀብቶ ይገላገላል። ሰታቴ ግን ነገ እሳት ላይ ሊወጣ ነው፤ ሙጫ የለም፣ ልጣፍ የለም፣ መበየድ ብቻ። ከምን እንደተሠራም አይታወቅም። የሚሰነጠቁበት ምክንያት ግን አንድ ነው አለኝ፦ ጀልባን ማዕበል ሆዱን እየገፋ እየለቀቀ በምስማሮቹና በጎድኖቹ ዙሪያ ያደክመዋል፤ ሰታቴን ደግሞ እናንተ በጆሮው እያንጠለጠላችሁ። «እኔ አላንጠለጠልኩም» አልኩት። ይህ በጽሑፍ ይያዝልኝ።

ከዚያ ሰታቴውን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ውኃ ሞላውና ከውጪ የሚያንጠባጥበውን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ከበበው። ጀልባም የሚመረመረው እንዲሁ ነው አለኝ፤ የብስ ላይ አውጥተው ውስጡን ውኃ ይሞሉታል፣ ከውጪ የሚያለቅስበትን ምልክት ያደርጋሉ። ጀልባ ውኃ ሲሞላ የሚደሰት ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ውኃውን ደፍቶ ካደረቀ በኋላ ስንጥቁ ላይ ነጭ ጋዝ ቀባ፣ ጠረገ፣ ጠመኔ ነሰነሰበት። ጋዙ ከተደበቀበት እየወጣ ጠመኔውን አረጠበው፤ ስንጥቁ እኔ ከለካሁት በሁለት ጣት ይረዝማል! ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ «አንድ ስንዝር» ብሎ ያጸደቀው ስህተት ነበር። አላረምኩላቸውም፤ ሌላ ስብሰባ ይጠራሉ።

ቀጥሎ ትራፓኖ አንስቶ የስንጥቁን ጫፍ ሊበሳ ሲል ጮህኩ። «አንተ ልጅ! አንዱ በስቶታል እኮ፤ አንተም ልትበሳ?» ሳይቆጣ አስረዳኝ፤ ባሕር ዳር ትዕግሥት ያስተምራሉ መሰለኝ። ስንጥቅ የሚሄደው ጫፉ ሹል ስለሆነ ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ እዚያች ሹል ጫፍ ላይ ይከማቻል። ትንሽ ክብ ቀዳዳ ሲገጥመው ጉልበቱ ዙሪያውን ይበተናል፣ መሄዱን ያቆማል። ካልተበሳ ብየዳውን ተሻግሮ ነገ በዚያ በኩል ይቀጥላል። በሳው። ከዚያ ስንጥቁን በግራይንደር ከፈት አድርጎ ቦይ አወጣለት።

አሁን የመጣው ነገር ግን ያልጠበቅሁት ነው። ብየዳ ቅባት አይወድም፤ ቅባት ካለ ብየዳው በአረፋ ይሞላል፣ ወንፊት ይሆናል። ስለዚህ ሰታቴውን ቀስ አድርጎ ማሞቅ ጀመረ። የስንት ዘመን ተዝካር ቅቤ ከስንጥቁ እየተንጨረጨረ ወጣ! ጋራዡ በሙሉ ቀይ ወጥ ሸተተ። ከመኪና ሥር ተኝቶ የነበረው መካኒክ ራሱን አወጣ። ወቅቱ ጾም መሆኑ ደግሞ አባሰው፤ አንዱ ልጅ «ይኼ ያስገድፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሽታ አያስገድፍም አልኩት፤ ቄስ ባልሆንም የእድር ሰው ነኝ። ቅባቱ እስኪያልቅ ደጋግሞ አሞቀው፣ ደጋግሞ ጠረገው፣ ለአልሙኒየም ብቻ በለያት፣ ብረት ነክታ በማታውቅ የማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ፈተገው። ያችን ብሩሽ ለማንም አያውስም። እኔም ጭልፋ ሳውስ እንዲህ ብጨክን ኖሮ!

ሊበይድ ጭምብሉን ሲያጠልቅ መብራት ሄደ።

ጠበቅን። ሻይ መጣ። ለካስ ወሬ የሚወድ ልጅ ነው፤ የጣናን ነገር ያወራልኝ ጀመር። የደንገል ታንኳ ጥገና የለውም አለኝ፤ ውኃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፣ ሲበሰብስ ሌላ ያስራሉ። ከሸክላ ጋር ዘመድ ነው ማለት ነው። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ትልቅ ጀልባ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ወራት ፈጅታ ጣና መድረሷንም በኩራት ነገረኝ። በራዲዮ ሰምቼ ነበር። ባሕር የሌለው አገር ጀልባ በአስፋልት ሲጓዝ፣ የእድር ሰታቴ ግን ሦስት ሰፈር ተሻግሮ በሰላም መመለስ አቃተው!

መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ነፋሱ ተነሳ። አርጎን የሚባለው ጋዝ በብየዳው ላይ ፈሶ አየር እንዳይነካው የሚጋርድ ነው፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ግን ጋቢ ይገፋል፣ ጋዝ አይገፋም? በሩን ዘጋን፣ መስኮቱን በጆንያ ሸፈንን፣ እኔ ራሴ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ሰማያዊ ብርሃን በግድግዳው ላይ ተንቀጠቀጠ። ማሽኑ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በየቅጽበቱ ይገለባብጣል አሉ፤ በአንዱ አቅጣጫ ያንን ግትር የዝገት ልብስ ይገፈዋል፣ በሌላው ያቀልጠዋል። ልጁ በአንድ እጁ ነበልባሉን፣ በሌላው ቀጭን የአልሙኒየም ዘንግ እየነከረ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ላይ አስተኛ። ያኛው ወንድማችን የከፈተውን ቀዳዳ ለመድፈን ከስንጥቁ ይልቅ ብዙ ዘንግ ፈጀ። ቀዝቅዞ ውኃ ሲሞላ ጠብ አላለም። በጠዋቱም አየሁት፤ ጠብ አላለም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ማለቅ ነበረበት። ጸሐፊያችን ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

«ሦስት ፕሮፎርማ የት አለ?» አለኝ።

«ተጠግኖ አልቋል እኮ።»

«ደንብ ደንብ ነው። ክፍያ ያለ ሦስት ፕሮፎርማ አይወጣም።»

በከተማው በአርጎን የሚበይድ የማውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም በይዶ ጨርሶ ገንዘቡን እየጠበቀ ነው። የሱን ፕሮፎርማ አስጻፍኩ፤ አንድ ሆነ። ሁለተኛውን ከየት? ያው ሰታቴውን የበሳው በያጅ ዘንድ ሄድኩ። ደስ ብሎት ጻፈልኝ፤ ዋጋውንም ዝቅ አድርጎ! ኮሚቴው ተሰብስቦ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠና «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ይኼኛው ስለሆነ ሥራው ለምን ለሱ አልተሰጠም?» ብሎ ጠየቀኝ። ተሰጥቶት ነበር፤ ውጤቱም ጣት ያሳልፍ ነበር ብዬ አስረዳሁ። «ይህ በጽሑፍ የለም» አለ ጸሐፊው።

ሦስተኛው ቀረ። የጀልባው ልጅ አዘነልኝና ባሕር ዳር ላለ የቀድሞ ባልደረባው ደውሎ ፕሮፎርማ አስላከልኝ፤ ማኅተም ያለው፣ ቁጥር ያለው፣ የሚያምር ወረቀት። ያ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው አንድ ዓይነት ፕሮፎርማ ነውና በዕቃው ዓይነት ሥር «የአልሙኒየም ጀልባ፣ የተሰነጠቀ አካል ጥገና፣ ብዛት 1» ብሎ ሞልቶታል። እኔ መነጽሬን አላደረግሁም፤ ጸሐፊው አድርጎ ነበር፣ ግን የሚያየው ማኅተም ብቻ ነው። ሦስት ሆነ፣ ጸደቀ፣ ተከፈለ። ጸሐፊው ሦስቱንም ከንብረት መዝገቡ ጋር አያያዛቸው።

ወጥ ሠሪዋ እስካሁን አልወደደችውም። ጠባሳው ያለበት ቦታ ላይ ሽንኩርት ቶሎ ይይዛል ትላለች፤ ብየዳው ከሌላው ስለሚወፍር ሙቀቱ እኩል አይሄድም። ስለዚህ ጠባሳውን ከነበልባሉ አዙራ ትጥደዋለች። ከአራቱ ጎረምሶች ሁለቱ በጆሮው ማንሳት ፈርተው ከሥር እጃቸውን ይደግፋሉ፤ መጀመሪያም እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ!

የዓመቱ ንብረት ቆጠራ ሲደርስ ሁለት ቆጣሪዎች ተመረጡ። አንዱ ወጣቱ ተወካይ ነው። መዝገቡን ከላይ ወደ ታች እያነበበ «ድንኳን... አለ። አግዳሚ ወንበር... አለ። ትሪ፣ አንድ ጎደለ» እያለ ወርዶ ወርዶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ጀልባው የት ነው?»

«ምን ጀልባ?»

«እዚህ ተይዟል። የአልሙኒየም ጀልባ፣ ብዛት 1፣ ተጠግኗል፣ ተከፍሏል።»

ጸሐፊውን አየሁት፤ ጣሪያ ያያል። የዕለቱ ለቅሶ ቤት እዚያው ቅርብ ነበርና ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ሰታቴው ጉልቻ ላይ ሽሮ እየፈላበት ነው። በጭልፋው አሳየኋቸው። ልጁ ዞሮ አየው፣ ጠባሳውን በጣቱ ሊነካ ብሎ ተቃጠለ፣ እስክሪብቶውን አወጣና በመዝገቡ ላይ «በአገልግሎት ላይ ያለ» ብሎ ጻፈበት።